ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም፤ ታዲያ አቤት የምንለው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ «ከአዲስ አበባ መጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አከራዬ ኪራይ ሊጨምርብኝ ነው። ሰፈሬ ያለው መንገድ ተቦርቡሮ መኪናዬን እየበላው ነው። ልጄም ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል። አቤት ልበል ብዬ የከንቲባውን ቢሮ ስጠይቅ ሰው ይስቅብኛል። ሁሉም ‹ካውንቲ ሂድ› ይለኛል። ይሄ ካውንቲ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? እንደ ወረዳ ነው ወይስ እንደ ክፍለ ከተማ? ማነው የሚያስተዳድረን?»

መልስ፦ የሳቁብዎትን ሰዎች ይተዋቸው። የእርስዎ ጣጣ እነሱ ላይ ቢደርስ ግማሾቹ የሚሄዱበትን በር አያውቁትም። በአካባቢ አስተዳደር ጉዳይ ስሠራ ዓመታት ቆጥሬያለሁ። ከወገኖቻችን ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኸው የእርስዎ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሐምሌ ስል ጁላይ ማለቴ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ከተማ አይደለችም። ስም አላት፣ የሜትሮ ጣቢያ አላት፣ በ2020ው ቆጠራ 81,015 ነዋሪ ተቆጥሮባታል። ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት ግን የላትም። ቤተስዳ፣ ዊተን እና ጀርመንታውንም እንደዚሁ ናቸው። ጀርመንታውን ከ90 ሺህ ሰው በላይ ይዛ ከንቲባ የላትም። እነዚህ ሁሉ የሰፈር ስሞች ናቸው ማለት ይቻላል። መንገዱን የሚጠርገው፣ ፖሊሱን የሚልከው፣ የግንባታ ፈቃዱን የሚሰጠው በቀጥታ ካውንቲው ነው። የእርስዎ ማዘጋጃ ቤት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ ዋና መቀመጫው ሮክቪል።

ወረዳ ነው ወይ ላሉት፣ አይደለም። ክፍለ ከተማም አይደለም። በሕዝብ ብዛት ካየነው ወደ ዞን ይጠጋል። በ2020 ነዋሪው 1,062,061 ነበር፤ በሜሪላንድ አንደኛ ነው። ግን ከዞንም ይለያል። የራሱን ሕግ ያወጣል፣ የራሱን ግብር ይጥላል፣ የራሱ ፖሊስ አለው፣ መሪውንም ነዋሪው ይመርጠዋል። በሜሪላንድ ግዛት ዋና ከተማ አናፖሊስ የተቀመጠው የግዛቱ ገዥ የካውንቲውን መሪ አይሾመውም፣ አይሽረውም። ሜሪላንድ 23 ካውንቲዎች አሏት፤ ባልቲሞር ከተማ ደግሞ የማንም ካውንቲ ሳትሆን ለብቻዋ ቆማለች።

ከመቀጠሌ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩልኝ። አድራሻዎ ላይ «ሲልቨር ስፕሪንግ» መባሉ ብቻ አይበቃም። ፖስታ ቤት ስም የሚሰጠው ለራሱ ሥራ እንዲመቸው ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ የፖስታ አድራሻ ይዘው ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ የሚገኙ ቤቶች አሉ። «ሮክቪል» የሚል አድራሻ ኖሯቸው ከሮክቪል ከተማ ክልል ውጭ ያሉም ሞልተዋል። አንድ ደንበኛዬ ሦስት ወር ሙሉ የተሳሳተ ካውንቲ ሲማጸን ኖሯል። ደብዳቤውን ተቀብለው ዝም አሉት፤ «የእኛ አይደለም» ያለው ሰው የተገኘው በሦስተኛው ወር ነው። እርስዎ ሞንትጎመሪ ውስጥ እንደሆኑ አድርጌ ልቀጥል።

ታሪኩን በአጭሩ። ካውንቲው የተመሠረተው በ1776 ነው፤ አሜሪካ ነፃነቷን ባወጀችበት ዓመት መሆኑ ነው። ከፍሬድሪክ ካውንቲ ተቆርጦ ወጣ። ስሙ የጄኔራል ሪቻርድ ሞንትጎመሪ ነው፤ በ1775 መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ኩቤክ ላይ ሲዋጋ የሞተ ሰው። ለእኛ ኑሮ የሚጠቅመው ዓመት ግን 1948 ነው። ከዚያ በፊት የአካባቢ ሕግ የሚያወጡት አናፖሊስ ያሉ የግዛቱ ተመራጮች ነበሩ። በ1948 ነዋሪው ቻርተር አጸደቀና ራስን በራስ የማስተዳደር ሥልጣን ያዘ። ከሜሪላንድ ካውንቲዎች ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ነው። ቻርተሩ ለካውንቲው እንደ ሕገ መንግሥት ነው። በ1968 ተሻሽሎ ሕዝብ የሚመርጠው ሥራ አስፈጻሚ እንዲኖር ተደረገ፤ በ1970 ጄምስ ግሊሰን የመጀመሪያው ሆኖ ተመረጠ።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ለከንቲባ የሚቀርበው ካውንቲ ኤክስኪዩቲቭ የሚባለው ነው። በ2018 የተመረጠው ማርክ ኤልሪች ነው፤ በ2022 ደገመ። በ2024 ነዋሪው ሥራ አስፈጻሚው ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ እንዳይቆይ ወሰነ፤ ስለዚህ ኤልሪች በ2026ቱ ምርጫ ለዚያው ወንበር መወዳደር አይችልም። ሥራ አስፈጻሚው የመምሪያ ኃላፊዎችን ይሾማል፣ በጀት ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ውድቅ ማድረግም ይችላል። ምክር ቤቱ ደግሞ በቂ ድምፅ ካገኘ ያንን ውድቅታ ይሽረዋል።

ምክር ቤቱ 11 አባላት አሉት። እስከ 2022 ዘጠኝ ነበሩ፤ በ2020 ነዋሪው ቁጥሩ እንዲጨምር ድምፅ ሰጠ። ሰባቱ እያንዳንዳቸው አንድ የምርጫ ወረዳ ይወክላሉ። አራቱ ከመላው ካውንቲ ይመረጣሉ። ይህን ልብ ይበሉ፦ እርስዎን የሚወክሉት ሰዎች አምስት ናቸው። አንዱ የወረዳዎ፣ አራቱ የሁሉም። አንዱ ኢሜይል ባይመልስልዎ አራት ሌሎች አሉ። ለእኔ ከሥርዓቱ ሁሉ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ግን ተጠቅሞበት ያየሁት ሰው ጥቂት ነው። በተለይ የወረዳዎ ተመራጭ ቢሮ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ሥራቸው ይኸው ነው፤ የነዋሪን ጉዳይ ይዘው መምሪያዎቹን መነዝነዝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥም አንድ ቢሮ አለ። ካውንቲው ራሱን በአምስት አካባቢ ከፍሎ በየአካባቢው የአገልግሎት ማዕከል ከፍቷል። የሲልቨር ስፕሪንጉ የሚገኘው መሀል ከተማው ላይ፣ ቬተራንስ ፕላዛ አጠገብ ባለው ሲቪክ ቢልዲንግ ውስጥ ነው። የከንቲባ ቢሮ ያህል ሥልጣን የለውም። ግን ጆሮ አለው። ከጎኑ ደግሞ ከነዋሪው የተውጣጣ አማካሪ ቦርድ ይሰበሰባል። ቦርዱ ይመክራል እንጂ አይወስንም። ቢሆንም ሰፈሩን የሚያስጨንቀው ነገር መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው።

አሁን ስለ ኪራዩ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው።

ምክር ቤቱ በ2023 የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አወጣ። በሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 2024 ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ዓመታዊ ጭማሪው ከዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተደምሮ ከሚገኘው ቁጥር አይበልጥም፤ ያም ቢሆን 6 በመቶን አያልፍም። ከሁለቱ ዝቅተኛው ነው የሚያዘው። ቁጥሩን ካውንቲው በየዓመቱ ያወጣዋል። ጭማሪ በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይፈቀድም። አከራዩ ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በቃል «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 200 ዶላር ጨምር» የሚባለው ነገር ዋጋ የለውም።

ግን ሕጉ ሁሉንም ቤት አይሸፍንም። ከተሠራ 23 ዓመት ያልሞላው ሕንጻ ነፃ ነው። ካውንቲው ውስጥ ከሁለት በላይ የሚከራይ ቤት የሌለው ግለሰብ አከራይም ነፃ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ የሚከራዩት ከግለሰብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለውን የቤቱን ክፍል። ስለዚህ መጀመሪያ የሕንጻውን ዕድሜና የአከራዩን ማንነት ይወቁ። የራሳቸው የከተማ አስተዳደር ባላቸው በሮክቪል ወይም በጌይተርስበርግ ክልል ውስጥ የሚኖር ሰውም በዚህ ሕግ አይጠለልም። ሌላዋ የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ ታኮማ ፓርክ ግን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የራሷ የኪራይ ቁጥጥር አላት።

ሌላም ነገር አለ። ቤት የሚያከራይ ሰው ከካውንቲው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ራሱን የቻለ፣ የራሱ ማዕድ ቤት ያለው ቤዝመንት የሚያከራይም ጭምር። የቤትዎ ፈቃድ መኖር አለመኖሩን በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን አስገብተው ማየት ይችላሉ። አከራይ ወገን ከሆኑና ይህን የሚያነቡ ካሉ፣ ተቆጥተው ሳይሆን ተጠንቅቀው ያንብቡት፤ ያለፈቃድ ያከራየ ሰው ተከራዩ ኪራይ እምቢ ባለ ቀን ፍርድ ቤት ሄዶ ጉዳዩን ማስረዳት ይከብደዋል።

ክርክር ከተነሳ የሚሄዱት የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ ነው፤ በካውንቲው የቤቶች መምሪያ ሥር ነው ያለው። አቤቱታው በነፃ ነው። አስማምተው ለመፍታት ይሞክራሉ። አንድ ነገር ደግሞ ሳይፈሩ ይያዙ፦ አከራይ በራሱ ቁልፍ ለውጦ ሊያስወጣዎት አይችልም። ማስወጣት የሚቻለው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ትእዛዙን የሚያስፈጽመው ደግሞ ሸሪፉ ነው።

ሸሪፍ ካልኩ አይቀር፣ ብዙ ሰው ሸሪፉን የፖሊስ አዛዥ ያደርገዋል። እዚህ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ሌባ ሲመጣ 911 ደውለው የሚመጣልዎት የካውንቲው ፖሊስ ነው፤ በ1922 የተቋቋመ። አዛዡን የሚሾመው ሥራ አስፈጻሚው ነው። ሸሪፉ ግን በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል። የፍርድ ቤት ጥበቃ፣ ከቤት የማስወጣት ትእዛዝ፣ ቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰበት ሰው የሚሰጥ የጥበቃ ትእዛዝ፤ ይህ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው። ዐቃቤ ሕጉም እንዲሁ በምርጫ ነው የሚመጣው።

የመንገዱ ጉዳይ ደግሞ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሰው የሚንከራተተው እዚህ ነው። መንገድ ሁሉ የካውንቲው አይደለም። ጆርጂያ አቬኑ፣ ኮልስቪል ሮድ፣ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ የግዛቱ ናቸው። እዚያ ላይ ያለውን ጉድጓድ የሚሞላው የሜሪላንድ የአውራ ጎዳናዎች መሥሪያ ቤት ነው፤ በረዶውንም የሚጠርገው እሱ ነው። ከእነዚህ ወደ ውስጥ የሚገባው የሰፈር መንገድ ደግሞ አብዛኛው የካውንቲው ነው። ኬንሲንግተን ወይም ታኮማ ፓርክ ውስጥ ከሆኑ የከተማዋ ሊሆን ይችላል። የአፓርትመንትዎ ፓርኪንግ ከሆነ ደግሞ የባለንብረቱ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ እንጀራ ለመግዛት ሲሄድ የሦስት ባለቤት አስፋልት ይረግጣል። ለዚህ ነው ደውለው «የእኛ አይደለም» ሲባሉ የሚዋሹዎት የሚመስለው። አይዋሹም። ችግሩ የማን እንደሆነ ነግሮ የሚያሻግርዎት ሰው ማጣት ነው።

ለዚያ ሲባል ነው 311 ያለው። ካውንቲው ውስጥ ሆነው ከስልክዎ 311 ይደውሉ። ለአስቸኳይ አደጋ 911፣ ለሌላው ሁሉ 311። ሲደውሉ የጥያቄ ቁጥር ይሰጡዎታል። ያንን ቁጥር ይጻፉት። እመኑኝ፣ ያለ ቁጥር የሄደ አቤቱታ እንደ ወሬ ነው። በሁለት ሳምንት መልስ ካጡ፣ ቁጥሩን ይዘው ለወረዳዎ የምክር ቤት አባል ኢሜይል ይላኩ። «በዚህ ቀን ደወልኩ፣ ቁጥሩ ይሄ ነው፣ ጉድጓዱ አሁንም አለ» ብለው። ሦስት መስመር ይበቃል።

እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት «አማርኛ» ይበሉ። በቀልድ አይደለም። በ2010 በወቅቱ የነበረው ሥራ አስፈጻሚ አይዛያ ሌጌት እንግሊዝኛ የማይቀናቸው ነዋሪዎች አገልግሎት እንዳይነፈጉ ትእዛዝ አወጣ። አማርኛ ካውንቲው ጽሑፍ ከሚተረጉምባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ በነፃ ነው የሚቀርበው። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው ወደ ቢሮ አይውሰዱ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ፍርድ ቤት ደብዳቤ መጨነቅ የለበትም። እግረ መንገዴን፦ በ2012 ጎንደር የሞንትጎመሪ ካውንቲ እህት ከተማ ሆናለች። ጎንደሬ ከሆኑ ቢሮ ሲገቡ ደረትዎን ነፋ ማድረግ ይፈቀድልዎታል።

የልጅዎ ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ መንግሥት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚመሩት በራሳቸው ቦርድ ነው። ቦርዱ ስምንት አባላት አሉት። ሰባቱን ነዋሪው ይመርጣል። ስምንተኛው ተማሪ ነው፤ የሚመርጡት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው፣ በአብዛኛው ጉዳይ ላይም ድምፅ ይሰጣል። የትምህርት ቤቶቹን የበላይ ኃላፊ የሚቀጥረው ቦርዱ ነው። የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ለትምህርት ቤት ኃላፊ ትእዛዝ መስጠት አይችልም። ስለዚህ በአስተማሪ ወይም በአውቶቡስ ጉዳይ ቅሬታ ካለዎት ወደ ምክር ቤቱ አይሮጡ። መጀመሪያ ርእሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ የትምህርት ሥርዓቱ ቢሮ፣ ከዚያ ቦርዱ።

ሆኖም ገንዘቡ የሚመጣው ከምክር ቤቱ ነው። የካውንቲው ዓመታዊ በጀት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ግማሽ ያህሉ ለትምህርት ቤቶች ይሄዳል። ቦርዱ «ይሄን ያህል ያስፈልገኛል» ይላል፤ ምክር ቤቱ ስንት እንደሚሰጥ ይወስናል። በየዓመቱ ጸደይ ላይ የምትሰሙት ጭቅጭቅ ይኸው ነው። በ2023 ሥራ አስፈጻሚው ለትምህርት ቤቶች ብሎ የንብረት ግብር መጠን 10 በመቶ እንዲጨምር ጠየቀ። ምክር ቤቱ 4.7 በመቶ ሰጠ። ያንንም ለመስጠት 11ዱም መስማማት ነበረባቸው። ምክንያቱም በ2020 የተሻሻለው ቻርተር ከገደቡ በላይ የሆነ ጭማሪ በሙሉ ድምፅ ካልሆነ አይፈቅድም።

ከእርስዎ ኪስ የሚወጣው እንዴት ነው? በሁለት መንገድ። አንደኛው የገቢ ግብር ነው። የሜሪላንድን የታክስ ቅጽ ሲሞሉ የካውንቲው ድርሻ እዚያው ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ለካውንቲ ግብር መክፈሉን እንኳ የማያውቀው። ሞንትጎመሪ ለዓመታት ሲያስከፍል የኖረው 3.2 በመቶ ነው። በ2025 ግዛቱ የካውንቲዎችን ጣሪያ ወደ 3.3 ከፍ አድርጎታል። ሁለተኛው የንብረት ግብር ነው። ተከራይ አይከፍልም ይባላል፤ በኪራዩ ውስጥ ይከፍላል። ቤት የገዙ ቀን ደግሞ ሂሳቡ በየሐምሌው ይመጣልዎታል። የቤቱን ግምት የሚሠራው ካውንቲው ሳይሆን የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ በየሦስት ዓመቱ። ራስዎ የሚኖሩበት ቤት ከሆነ ሆምስቴድ የሚባለውን ቅናሽ አንድ ጊዜ ማመልከትዎን አይርሱ። ግብር የሚሰላበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዘል ይይዝልዎታል። ሳያመለክቱ ዓመታት የቆዩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ያልተጠየቀ ቅናሽ ራሱን አይሰጥም።

ሰው የማያምነኝ ነገር ልንገርዎ። እዚህ ካውንቲ ውስጥ የአልኮል ጅምላ ሻጩ ራሱ መንግሥት ነው። የመጠጥ ክልከላው በ1933 ሲነሳ የተጀመረ ነው፤ እስከዛሬ አለ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለ የሀበሻ ምግብ ቤት ቢራውን የሚያመጣው ከካውንቲው መጋዘን ነው። ውስኪ ለቤትዎ ከፈለጉ የካውንቲው ሱቅ መሄድ አለብዎት። ለዚህ ነው ሱፐርማርኬት ገብተው ወይን አጥተው ግራ የገባዎት። የምግብ ቤት ባለቤቶች ያማርራሉ፣ ካውንቲው ትርፉን አይለቅም። እኔ ከባለምግብ ቤቶቹ ጎን ነኝ፤ ግን ከእኔ በፊት ብዙዎች ሞክረውት አልተሳካም።

ሥራን በተመለከተ አንድ ጠቃሚ ነገር። ካውንቲው ከግዛቱ ከፍ ያለ የራሱ ዝቅተኛ ደመወዝ አለው። የሜሪላንድ 15 ዶላር ነው። ሞንትጎመሪ ውስጥ ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከ50 በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በሰዓት 17.65 ዶላር፣ ከ11 እስከ 50 ያለው 16 ዶላር፣ ከዚያ በታች ያለው 15.50 ይከፍላል። በየሐምሌው ይስተካከላል። የደመወዝ ወረቀትዎን አውጥተው ያወዳድሩት።

አውቶቡስም የካውንቲው ነው፤ ራይድ ኦን። ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ሆኗል። ሜትሮባስና ባቡሩ ግን የሌላ መሥሪያ ቤት ናቸው፤ ያስከፍላሉ። የቧንቧ ውሃው ደብሊውኤስኤስሲ ከሚባል፣ ከ1918 ጀምሮ ሞንትጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስን በጋራ ከሚያገለግል ድርጅት ነው የሚመጣው። መንጃ ፈቃድ የግዛቱ ነው። ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማው) እና ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የጤና መድን) የግዛቱና የፌደራሉ ናቸው፤ ማመልከቻውን የሚያየው ግን የካውንቲው የጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት መምሪያ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ከካውንቲው ጋር ምንም አይገናኝም።

ድምፅ የመስጠት ነገር ይቀራል። ለካውንቲ ምርጫ የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ አይበቃም፤ ሳያውቁ የተመዘገቡ ሰዎች በኋላ በዜግነት ማመልከቻቸው ላይ ጣጣ ገጥሟቸዋል፤ ይጠንቀቁ። ነገር ግን ካውንቲው ውስጥ 19 የራሳቸው አስተዳደር ያላቸው ከተሞችና መንደሮች አሉ። ከእነዚህ አንዷ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ፣ ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎቿም በከተማዋ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፈቅዳለች። በ2013 ደግሞ 16 ዓመት ለሞላቸው ፈቀደች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ናት። ቤት ሲፈልጉ አንድ ጎዳና መሻገር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ዜግነት ያገኙ ቀን ደግሞ ይህን ያስታውሱ። ካውንቲው በአብዛኛው የዴሞክራቶች ነው። ስለዚህ የካውንቲው መሪ በተግባር የሚመረጠው በኅዳር ሳይሆን በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ላይ ነው፤ በዚያ የሚሳተፈውም በፓርቲው የተመዘገበ ብቻ ነው። በ2018 ኤልሪች ተፎካካሪውን ዴቪድ ብሌርን የረታው በ77 ድምፅ ነበር። በ2022 እንደገና ገጠሙ፤ ድጋሚ ተቆጥሮ ልዩነቱ 32 ሆነ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት ካውንቲ 32 ሰው። አንድ ማኅበር ወይም አንድ ዕድር ከዚያ በላይ አባል አለው።

እስከዚያው ግን ዜጋ ባይሆኑም መናገር ይችላሉ። ሥራ አስፈጻሚው በጀቱን እስከ መጋቢት አጋማሽ ያቀርባል። በሚያዝያ ምክር ቤቱ ሕዝብ ይሰማል። ሰኔ ሳይገባ ያጸድቃል፤ አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በስብሰባው ላይ ለመናገር በድረ ገጹ መመዝገብ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት። መታወቂያ አይጠየቁም፣ ዜግነትም አይጠየቁም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሰጥዎታል። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጉ ሲመዘገቡ ይጠይቁ፤ በዕለቱ አይገኝም።

ለአሁኑ ግን አከራይዎ ጭማሪውን በቃል ነው ወይስ በደብዳቤ የነገረዎት? ደብዳቤ ካለ የተጻፈበትን ቀንና ጭማሪው የሚጀምርበትን ቀን ይቁጠሩ። 90 ቀን ካልሞላ ወደ 311 የሚያደርጉት የመጀመሪያ ስልክ ስለ ጉድጓዱ አይሁን።